ከአጥሩ ራቁ፦ የመኪና እሽቅድምድም ለሚያዩና ለሚፈቅዱ ማሳሰቢያ

የመኪና እሽቅድምድም ቆሞ የሚያይ ሰው ራሱን ከአደጋው ውጭ አድርጎ ይቆጥራል። መሪ አልጨበጠም፤ ነዳጅ አልረገጠም፤ ስለዚህ የሚደርስበት ነገር ያለ አይመስለውም። ይህ እምነት ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲያስገድል ኖሯል። ዛሬም አልተወም።

ሾፌሩ የገባበትን ያውቃል። እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ሌላው ሰው ነው። ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ከመንገዱ ጠርዝ የሚቆመው አባት፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ወደሚሽከረከረው መኪና የሚጠጋው ወጣት፣ የፈቃድ ማመልከቻ ሲቀርብለት «ወጣቶቹ ይደሰቱ» ብሎ የሚፈርመው ኃላፊ፤ ሦስቱም ክፉ አላሰቡም። በዚህ ማሳሰቢያ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። የምታገኙት ያላሰበ ሰው ነው።

የማነሣው ታሪክ የአሜሪካ ነው። የመኪና ውድድር ሕዝብ በመቶ ሺዎች የሚወጣለት ትርኢትና ትልቅ ንግድ ከሆነባቸው አገሮች ቀዳሚዋ እርሷ ናት፤ የደረሰውም ጥፋት ከቀኑና ከቦታው ጋር ተመዝግቦ ቀርቷል። ልጆቻችን በፊልምና በስልክ የሚያዩት የፍጥነት ፍቅርም አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀኖቹን ሁሉ የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኖቬምበር 28 ቀን 1895 ቺካጎ በበረዶ ተሸፍና ሳለ ስድስት መኪኖች ለውድድር ተሰለፉ። ከከተማዋ ተነሥቶ ኢቫንስተን ደርሶ የሚመለሰው መንገድ ወደ 87 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሸናፊው ፍራንክ ዱርየ ነበር። ከአሥር ሰዓት በላይ ፈጀበት። ከስድስቱ ጨርሰው የገቡት ሁለት ብቻ ናቸው። በእንዲህ ያለ ፍጥነት የሚሄድን መኪና አንድ ጠንካራ ሯጭ አብሮት ሊሮጥ ይችላል፤ በመንገዱ ዳር የተሰለፈውም ሕዝብ የሚፈራው ነገር አልነበረም። ያ ሕዝብ ከዚያ ቀን ይዞት የሄደው ልማድ ግን ቆይቶ ዋጋ አስከፈለ። የመኪና ውድድር ማለት ቀረብ ብሎ፣ ከጎን ቆሞ የሚያዩት ነገር ሆኖ ቀረ።

ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ ጁን 20 ቀን 1903፣ ባርኒ ኦልድፊልድ የተባለው ሾፌር በኢንዲያናፖሊስ የአውደ ርእይ ሜዳ አንድ ማይል ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ዞረ። ይህ በሰዓት ወደ 97 ኪሎ ሜትር ነው። የሮጠበት ሜዳ ለፈረስ ውድድር የተሠራ የአፈር መም ነበር። አጥሩም የፈረስ አጥር ነው፤ የእንጨት። ጎማው ቀጭን፣ በከፍተኛ ግፊት የተነፋና ሲፈነዳ የማያስጠነቅቅ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ፍሬን አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሲጋጭ የሚያሳርፈው ጉልበት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። መኪናው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ ፍጡር ሲሆን አጥሩ የድሮው አጥር፣ ተመልካቹም የድሮው ተመልካች ሆኖ ቆየ። ኦልድፊልድ በዚያው በ1903 ዲትሮይት አጠገብ ሲሮጥ ጎማው ፈንድቶ መኪናው አጥር ጣሰ፤ አንድ ተመልካች ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት በሴንት ሉዊስ እንደገና አጥር ሲጥስ ሁለት ሰዎች ሞቱ። እርሱ ሁለቱንም ጊዜ ተረፈ። ስሙ ከበፊቱ ይበልጥ ገነነ፤ በየክፍለ ሀገሩ ሊያየው የሚወጣው ሕዝብም በዛ።

ከዚያ በፊትም ምልክት ታይቶ ነበር። በ1902 በኒው ዮርክ ስታተን ደሴት፣ ሰው በሚኖርበት መንገድ ላይ የፍጥነት ሙከራ ተደርጎ ነበር። ዋልተር ቤከር የሠራት በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ከመንገድ ወጥታ ተመልካች መሀል ገባች። በውስጧ የነበሩት ሁለት ሰዎች ከወንበራቸው ጋር በቀበቶ ታስረው ስለነበር ተረፉ። የሞቱት ቆመው ሲያዩ የነበሩ ናቸው። ለተሳፋሪው የታሰበለት፣ ለተመልካቹ ያልታሰበለት ነገር ምን እንደሚያደርስ በዚያን ቀን በግልጽ ታይቷል። ያየው ሕዝብ አዘነ። አልራቀም።

በ1904 ዊሊያም ቫንደርቢልት የተባለው ባለጸጋ በስሙ ዋንጫ አበርክቶ በኒው ዮርክ በሎንግ አይላንድ የሕዝብ መንገዶች ላይ ታላቅ ውድድር አዘጋጀ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከፈረንሳይና ከጀርመን ጋር ተወዳድረው እንዲሻሻሉ ነው የፈለገው። ከውድድሩ በፊት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ነዋሪው በተባለው ሰዓት ወደ መንገድ እንዳይወጣ፣ ውሻውን እንዲያስር፣ ዶሮውን እንዲዘጋ ተነገረው። ገበሬው ውሻውን አሰረ። ራሱ ግን ከቤተሰቡ ጋር ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። በዚያ የመጀመሪያ ውድድር ከአንድ ተወዳዳሪ ጎን የተቀመጠ ረዳት መካኒክ ሞተ።

በ1906 የወጣው ሕዝብ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። የሚይዘው ኃይል አልነበረም። በአንዳንድ ቦታ የሽቦ አጥር ተተክሎ ነበር፤ ሕዝቡ አለፈው። ፎቶግራፎቹን ያየ ሰው ማመን ያዳግተዋል። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ መኪናው ሲመጣ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል፤ መኪናው ካለፈ በኋላ መልሶ ይገጥማል። በየኩርባው እንዲህ ነበር። አንድ ተመልካች ተገጭቶ ሞተ። በበኩሌ የሚገርመኝ የሞተው አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያ ቀን ከነበረው አያያዝ አንጻር ሲታይ ብዙ ቤቶችን ሊዘጋ ይችል ነበር። አዘጋጆቹ የ1907ቱን ውድድር ሰርዘው የራሳቸውን መንገድ መሥራት ጀመሩ። ይህን ማድረጋቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ በ1908 ሲመለሱ ውድድሩን ከሕዝብ መንገድ ሙሉ በሙሉ አላወጡትም፤ በ1910 ሁለት ረዳት መካኒኮች ሞተው፣ በርካታ ተመልካቾችም ቆስለው ነው በሎንግ አይላንድ መንገዶች ላይ መሮጥ የቀረው።

አሁን ወደ ኢንዲያናፖሊስ ልመለስ። እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ለኃላፊዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ካርል ፊሸርና ሦስት ባልደረቦቹ በ1909 ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ የእርሻ መሬት ላይ 2.5 ማይል የሚዞር ሜዳ ሠሩ። ዓላማቸው መልካም ነበር። ፋብሪካዎች አዳዲስ መኪኖቻቸውን በሰው መንገድ ላይ ከሚፈትሹ የራሳቸው መፈተሻ ይኑራቸው፣ በዚያውም ውድድር ይካሄድ የሚል ነው። ነገር ግን ቀኑ ተቆርጦ፣ ማስታወቂያው ወጥቶ ስለነበር ሥራው በጥድፊያ ሆነ። የተፈጨ ድንጋይና ጠጠር ተነጠፈ፤ ሬንጅ ፈሰሰበት፤ ተዳመጠ። ኦገስት 14 ቀን ሞተር ብስክሌተኞች ቀድመው ወጡበት። ጠጠሩ ስለታም፣ መሬቱም የማይታመን ሆኖ አገኙት። ብዙዎቹ አንወዳደርም አሉ። የቀኑ ፕሮግራም ሳያልቅ ተቋረጠ።

ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ ይፈለጋል? በዚያ መሬት ላይ ለመሮጥ የመጡት ሰዎች ራሳቸው መሬቱን አይተው ተመልሰዋል። ሆኖም የመኪናው ውድድር ከአምስት ቀን በኋላ እንደታቀደው ተከፈተ። ኦገስት 19፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ዊሊያም ቡርክ የተባለው ሾፌርና ረዳት መካኒኩ ሞቱ። መሬቱ እየተፈረፈረ፣ ጉድጓድ እየሆነ ሄደ። ከጎማ ሥር የሚፈናጠረው ጠጠር የኋለኛውን ሾፌር ፊት ይመታል፤ አቧራውና ሬንጁ ዓይን ይጋርዳል። ሌሊቱን ጠጋግነው ቀጠሉ። ኦገስት 21 ቻርሊ ሜርዝ የሚነዳው መኪና የፊት ጎማው ፈነዳ፤ አጥሩን ጥሶ ሰው መሀል ወረደ። ሜርዝ ተረፈ። ረዳቱና ሁለት ተመልካቾች ሞቱ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መኪና ከድልድይ ምሰሶ ጋር ሲጋጭ 300 ማይል እንዲሄድ የታሰበው ውድድር በ235 ማይል ላይ እንዲቆም ተደረገ። በሦስት ቀን አምስት ሰው ሞቷል።

የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ሜዳው ካልተስተካከለ ውድድር እንደማያጸድቅ አስታወቀ። ባለቤቶቹም አደረጉት። በዚያው ዓመት መኸር 3.2 ሚሊዮን ጡብ በ63 ቀን ተነጠፈ፤ የኮንክሪት ግንብም ቆመ። ዛሬ ያ ሜዳ አስፋልት ለብሶ በመጨረሻው መስመር ላይ አንድ ያርድ ስፋት ያለው ጡብ ብቻ ቀርቷል፤ አሸናፊዎች እየተንበረከኩ ይስሙታል። እኔ ያን ጡብ ሳስብ የሚታየኝ 63 ቀን ነው። የሞተው ሰው ሁሉ የሞተው በሁለት ወር ሥራ ሊታረም በሚችል ነገር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ፤ መፍትሔው የጠፋ ሳይሆን የዘገየ ነበር።

ውድ የከተማና የክልል ኃላፊዎች፣ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ወደ እናንተ ሲመጣ ቀኑ የተቆረጠ፣ ስፖንሰሩ የተገኘ፣ እንግዳው የተጠራ ሆኖ ነው የሚመጣው። ያኔ «ይዘግይ» ማለት ይከብዳል። ፊሸርንም የከበደው ይኸው ነው።

ሜይ 30 ቀን 1911 በዚያው የጡብ ሜዳ የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ተካሄደ። ሬይ ሃሩን በአማካይ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳ አሸነፈ። ከኋላው የሚመጣውን የሚያይለት ረዳት ስላልያዘ በመኪናው ላይ ስፖኪዮ ገጥሞ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ ይነገራል። በዚያው ቀን ሳም ዲክሰን የተባለ ረዳት መካኒክ መሞቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ረዳቶቹ በዚያ ዘመን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ዘይት በእጅ ይገፋሉ፣ ጎማ ይከታተላሉ፣ ወደ ኋላ ያያሉ። ቀበቶ የለም፤ የሚይዙት መሪም የለም። መኪናው ሲገለበጥ ተወርውረው የሚወድቁት እነርሱ ናቸው። ስማቸው ከሾፌሩ ስም በታች፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይጻፍ አልፏል።

ከዚያ ድል አራት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1911፣ በሲራክዩስ የኒው ዮርክ አውደ ርእይ ላይ የሆነው ለተመልካች እስካሁን ካነሣሁት ሁሉ የከፋ ነው። ቤተሰብ ከብትና አዝመራ ሊያይ የወጣበት ቀን ነበር። ሜዳው የፈረስ ሜዳ፣ አጥሩ የእንጨት አጥር፣ ሕዝቡም አጥሩ ላይ የተደገፈ ነው። ሊ ኦልድፊልድ የተባለ ሌላ ሾፌር የሚነዳው መኪና ጎማ ፈነዳ። መኪናው አጥሩን ሰብሮ ሕዝቡ ውስጥ ገባ። ቢያንስ 9 ተመልካቾች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። የሴንት ሉዊስ አደጋ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። አጥሩ ያው ነበር።

በካሊፎርኒያ ያለችው ኮሮና ከተማ ደግሞ ክብ መንገድ ነበራት፤ ወደ 3 ማይል የሚጠጋ፣ ቤቶች በዳርና በዳር የተሠሩበት ሰፊ ጎዳና። የከተማዋ ሰዎች ይህን መንገድ ለውድድር አዋሉት። ከተማችንን ዓለም ይወቃት አሉ፤ ይህ ምኞት ነውር የለውም። በ1913ና በ1914 ተሳካላቸው። ኤፕሪል 8 ቀን 1916 ግን ቦብ በርማን የተባለው እውቅ ሾፌር በዚያ ክብ መንገድ ላይ ከመስመር ወጥቶ ተገለበጠ። እርሱ፣ ረዳት መካኒኩና ሕዝቡን ሊጠብቅ የቆመ ዘብ ሞቱ፤ ተመልካቾችም ቆሰሉ። ኮሮና ከዚያ በኋላ ውድድር አላዘጋጀችም። የበርማን ሞት ያስደነገጣቸው ባልደረቦቹ ሾፌሩን ዙሪያውን የሚሸፍን መኪና ማሠራት ጀመሩ፤ ሃሪ ሚለር በ1917 ለባርኒ ኦልድፊልድ የሠራለት በወርቃማ ቀለሙ የሚታወቀው መኪና የመጣው ከዚህ ነው። ለሾፌሩ ታሰበለት ማለት ነው። ለዘቡና ለተመልካቹ ምን ታሰበ? ለዚያ የሚጠቀስ ነገር አላገኘሁም።

በእንጨት ጣውላ የተነጠፉ፣ ጎናቸው እንደ ገደል የቆመ ሜዳዎችም መጡ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1912 በኒው ጀርሲ ኒዋርክ አንድ ሞተር ብስክሌት በአጥሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ ሁለት ተወዳዳሪዎችንና አንገታቸውን አስግገው ቁልቁል ሲያዩ የነበሩ ተመልካቾችን ገደለ፤ ከሟቾቹ ውስጥ ልጆች ነበሩ። በ1920 ጋስተን ሼቭሮሌ በሜይ የኢንዲያናፖሊስን ውድድር አሸነፈ፤ በኖቬምበር በቤቨርሊ ሂልስ የጣውላ ሜዳ ላይ ከሌላ ሾፌርና ከአንድ ረዳት መካኒክ ጋር ሞተ።

በ1931 የሆነውን ግን በችኮላ አላልፈውም። ኢንዲያናፖሊስ ያኔ ግንብ ነበራት፣ ጠባቂ ነበራት፣ ሃያ ዓመት ልምድ ነበራት። ቢሊ አርኖልድ ሲመራ ቆይቶ ውድድሩ ሳያልቅ መኪናው ተሰበረ። አንድ ጎማ ተነቅሎ ግንቡን ዘለለ፤ ከሜዳው ውጭ ያለውን የመኪና መንገድ ተሻገረ፤ በቤቱ ግቢ ውስጥ የነበረ ታዳጊ ልጅ ላይ አረፈ። ልጁ ሞተ። ቲኬት አልቆረጠም። ከሜዳው ውስጥ አልነበረም። በገዛ ግቢው ነበር። «ከዚህ ውጭ ያለ ሰው ምንም አይነካውም» ተብሎ የሚሰመር መስመር ምን ያህል እንደሚታመን ለሚጠይቅ ሁሉ ይህን ልጅ አስታውሱት።

ሕጎቹ እንደዚህ አንድ በአንድ መጡ። የራስ መከላከያ ቆብ ግዴታ የሆነው በ1930ዎቹ ነው። ቀበቶን ብዙ ሾፌሮች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ አልፈለጉትም፤ ከመኪናው ተወርውሮ መውደቅ ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር። በ1955 ቢል ቩኮቪች የተባለው ሾፌር በኢንዲያናፖሊስ ሞተ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በፈረንሳይ ለማን ከተማ አንድ መኪና ተመልካች መሀል ወርዶ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በዚያው ዓመት ውድድር ማስተዳደሩን ተወ። በሰለጠነው ዘመንም ቢሆን በ1998 በሚሺጋን፣ በ1999 በሻርሎት በአጥር ላይ በዘለለ የመኪና ስብርባሪ በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ሦስት ተመልካቾች ሞተዋል። ጎማ ከመኪናው አካል ጋር በጠንካራ ገመድ እንዲታሰር የተደረገው በእነዚያ ዓመታት አካባቢ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛና ግንብ ባለበት ነው። አሁን ደግሞ ምንም የሌለበትን እንመልከት።

በኦክላንድ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በአትላንታ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በሚያሳድጉበት አካባቢ፣ ወጣቶች በሌሊት መስቀለኛ መንገድ ዘግተው መኪና ያሽከረክራሉ። ጎማ ይጨሳል። በመቶ የሚቆጠር ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ መኪናው ሲዞር እጁን ዘርግቶ የሚነካው አለ። የ1906ቱን የሎንግ አይላንድ ፎቶግራፍና የዛሬውን የስልክ ቪዲዮ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ፤ የሰዉ አቋቋም አንድ ነው። ልዩነቱ የዛሬው መኪና ከያኔው እጅግ የሚበልጥ ኃይል ያለው መሆኑ ነው። በእግሩ ጫፍ ትንሽ ሲነካው የሚተኮስ መኪና የሚነዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙም ያልቆየ ልጅ ነው።

«ሲመጣብኝ እሸሻለሁ» የሚል ወጣት አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። ሰው አደጋውን አይቶ፣ ተረድቶ፣ እግሩን እስኪያነሳ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አሥር ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው ለመሸሽ ሳይወስን ነገሩ አልቋል። ከኋላው ሰው ከተደረደረ ደግሞ ቢወስንም መሄጃ የለውም። ፍጥነቱ በግማሽ ቢያንስም ሒሳቡ አይለወጥም።

በአሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ መኪና ስለማይነዳ ብቻ አትረጋጉ። በአንዳንድ ከተሞች ቆሞ ማየት ራሱ ያስቀጣል። በካሊፎርኒያ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ የተገኘ መኪና እስከ 30 ቀን ሊያዝ ይችላል፤ መኪናው በእናንተ ስም ከሆነ ጉዳዩ የእናንተ ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው የወንጀል ክስ ቢመዘገብበት ነገሩ ሊወሳሰብበት ይችላል። ሌሊቱን የት እንደሚያመሽ፣ ከማን መኪና ውስጥ እንደሚቀመጥ ጠይቁት። ስትጠይቁት አትቆጡ፤ የተቆጡት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም። በኋላ ወንበር ተቀምጦ ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ ያለበት ቦታ የእነዚያ ረዳት መካኒኮች ቦታ መሆኑን ንገሩት። መሪ አይጨብጥም። አደጋውን ግን እኩል ይካፈላል።

ወጣቶች፣ ፍጥነት መውደዳችሁን አልነቅፍም። ለመኪና ያላችሁን ፍቅር የሚያስተናግዱ፣ ተቆጣጣሪ፣ ሐኪምና ግንብ ያላቸው ሜዳዎች በአሜሪካ ብዙ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ የግል መኪናችሁን ይዛችሁ በክፍያ መሮጥ ትችላላችሁ። እዚያ ሂዱ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን የሚገደለው ከእናንተ ጋር ያልመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። ከሌሊት ሥራ የሚመለስ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖለት የሚያቋርጥ ሰው።

በአገር ቤት ያላችሁ ኃላፊዎችም ይህን የሩቅ አገር ወሬ አድርጋችሁ አትተዉት። ከተሞቻችን ሰፋፊ አስፋልት እያገኙ ነው። ሰፊ መንገድ ባለበት የሚሮጥ ይመጣል፤ ሊያይ የሚወጣም ይመጣል፤ የመኪና ትርኢት አዘጋጅ ነኝ የሚልም ፈቃድ ይጠይቃል። ሁሉም ይከልከል አልልም። ማመልከቻው ሲመጣ ከወረቀቱ ተነሥታችሁ ወደ ቦታው ሂዱ። ተመልካቹ የሚቆምበትን ቦታ በእግራችሁ ቁሙበትና እዩት። ኩርባው ውጭ ላይ ሰው እንዳይቆም አድርጉ፤ ከመስመር የሚወጣ መኪና ወደዚያ ነውና የሚሄደው። ገመድና የፕላስቲክ ሪባን አጥር አይደለም። ጥቂት ፖሊስ ብዙ ሺህ ሰው አይገታም፤ የሎንግ አይላንዱን አይታችኋል። አምቡላንስ ቆሞ፣ መውጫው ክፍት ሆኖ፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በሕዝብ አለመዘጋቱ ተረጋግጦ ካልሆነ አይጀመር። ውድድሩን የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስሙ ይታወቅ፤ ያ ሰው የአዘጋጁ ተቀጣሪ አይሁን።

ደግሞም ሾፌሮቹን ጠይቋቸው። መንገዱን አይተው «ይህ አይሆንም» የሚል አንድ ቢገኝ፣ ኦገስት 14 ቀን 1909 አንወዳደርም ያሉትን ሞተር ብስክሌተኞች አስቡና ቀኑን አራዝሙ። አዘጋጁ የወጣ ገንዘብ አለ ይላል። የተጠራ እንግዳ አለ ይላል። ጎማ ቢፈነዳ መኪናው የሚሄድበት አቅጣጫ የት እንደሆነ፣ በዚያ አቅጣጫ ማን እንደሚቆም ጠይቁት። ለዚህ ጥያቄ በቦታው ላይ፣ በጣቱ እያመለከተ መልስ እስኪሰጣችሁ ድረስ አትፈርሙ።